ፀረ አረም ስሸጥ የተማርኩት

ዕድሜዬን የጨረስኩት በእርሻ ኬሚካል ሥራ ነው። መጀመሪያ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ለአስመጪ ድርጅት ምዕራብ ጎጃምን እየዞርኩ ሸጥኩ። በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ አሁን ልጄ ይዞታል። ሥራውን ከልቤ እወደው ነበር።

ገበሬ ሁልጊዜ የሚጠይቀው "የትኛው ይጠነክራል?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ "በምን ያህል ውሃ ነው የምትረጨው?" እለዋለሁ። ለምሳሌ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ አረም ውሰዱ። ጤፍና ስንዴ ውስጥ ያለውን ቅጠለ ሰፊ አረም ያደርቃል፣ ሣሩን አይነካም። የተለመደው ልክ ለሄክታር 1 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ነው። ሩብ ሄክታር ላለው ሩብ ሊትር በ50 ሊትር ይሆናል። ውሃውን ከወንዝ ተሸክሞ ለሚያመጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ "ውሃ ሲበዛ ይቀጥናል" ይልና መድኃኒቱን ሁሉ በአንድ መርጫ ይጨርሰዋል። ግማሹ ማሳ ይቃጠላል፣ ግማሹ አረም እንዳለ ይቀራል።

ይህን በወሬ ማስረዳት አልተቻለም። ስለዚህ መርጫውን ንጹህ ውሃ ሞልቼ አሸክመውና ሱቁ ፊት ለፊት ባለው ደረቅ መሬት ላይ አስረጨው ነበር። የረጠበውና ያልረጠበው ቦታ ወዲያው ይታያል። አካሄዱ መፍጠኑንም፣ አፈሙዙ መደፈኑንም ራሱ ያየዋል። እኔ መናገር አያስፈልገኝም። ኑግ ወይም ባቄላ ያለው ጎረቤት ካለ፣ እነሱም ቅጠለ ሰፊ ናቸውና፣ ነፋስ ሲነሳ እንዳይረጭ አደራ እላለሁ፤ ስንቱ ጎረቤት በዚህ ተካስሶ ሽማግሌ ፊት ተቀምጧል።

ሃይላንድ ይዞ "ትንሽ ቅዳልኝ" ለሚለኝ ግን አልቀዳሁም። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ደንበኛ ሄዶብኛል፣ ይሂድ። በትንንሽ ጠርሙስ የታሸገውን ከጅምላ ነጋዴ እየለመንኩ አስመጣሁ።

በ2009 የአሜሪካ ተምች አገራችን ሲገባ ሁሉም ወደ ሱቅ ሮጠ። ትሉ ካደገ በኋላ በቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ በራሱ ቆሻሻ ይሸፈናል፤ መድኃኒቱ አያገኘውም። ገና ትንሽ ሳለ፣ ጠዋት ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ነው መርጨት። አነስተኛ ማሳ ላለው በእጅ መልቀሙን መከርኩ። ኬሚካል ሻጭ እንዲህ ይላል ወይ ያሉኝ ነበሩ።

የሚከብደኝ የነቀዝ ክኒን ነው። እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ብዙ ቤት ደግሞ ጎተራውና መኝታው በአንድ ጣራ ሥር ነው። ለመኖሪያ ቤት አልሸጥኩም፣ ልጄም አይሸጥም። በምትኩ አየር የማያስገባውን ድርብርብ ከረጢት እናቀርባለን። እህሉ በደንብ ከደረቀና አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ከተራ ጆንያ ይወደዳል፤ ካልተቀደደ ግን ለከርሞም ያገለግላል።