እግዚኦታ መሀል የሚቆም ትንፋሽ

ጅማ ያለን የአንድ ማኅበር ልጆች ይህን የምንጽፈው ስለት ስላለብን ነው። «ወንድማችን ከቀዶ ሕክምናው አልጋ በሰላም ይነሣልን እንጂ፣ ያየነውንና የተማርነውን ሁሉ ለሌላው ቤት እንናገራለን» ብለን ተስለን ነበር። እግዚአብሔር ሰማን፤ ወንድማችን ዓመት አለፈው፣ ደህና ነው። የስለታችንን ግማሽ በምስጋና ከፍለናል። የቀረው ግማሽ ይኸው። ስለ እንባችን አናወራም፤ በእንቅልፍ መሀል ትንፋሽ የሚያቋርጥ ሕመም ያለበትን፣ ኪሎ ለመቀነስም ለጨጓራ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰው ያለበትን ቤት የሚጠቅመውን እንናገር።

ነገሩ የተያዘው በእናቱ መቁጠሪያ ነው። ማንኮራፋቱን ቤቱ ለምዶታል። የሚያስፈራው ዝምታው ነበር። እናቱ ሌሊት ተነሥተው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲያደርሱ፣ አሥረኛዋ ፍሬ ላይ ትንፋሹ ጸጥ ይላል። ደረቱና ሆዱ ግን አየር ፍለጋ ይታገላሉ። ሃያ ሁለተኛዋ ፍሬ ላይ ሲደርሱ፣ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው በኃይል ስቦ ይመለሳል። ሰፈሩ «ዱካክ ነው» አለ። ጠበል ተጠመቀ፣ ጸሎትም ተያዘ። እናቱ ግን ለሐኪሙ የነገሯቸው የፍሬውን ቁጥር ነው። ሐኪሙ አንዷ «እግዚኦ» ስንት ሰከንድ እንደምትፈጅ እዚያው አስደርሰዋቸው፣ ወደ 25 ሰከንድ መሆኑን አሰሉና የእንቅልፍ ምርመራ አዘዙ። ጸሎታችን የተሰማው ያን ቀን ነው እንላለን፤ ለጸሎት የተያዘው ቆጠራ ሐኪሙ የሚፈልጉት ማስረጃ ሆነ።

ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ አንገት ላይ ስብ ሲበዛና ምላስ ወደ ኋላ ሲወድቅ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆየ መቋረጥ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። የወንድማችን 46 ነበር። ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ ቀን ተቀምጦ ማንቀላፋት፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያለፈ የአንገት ዙሪያ፤ እነዚህ ተሰብስበው የታዩበት ሰው ምርመራውን ነገ አይበል። መኪና የሚነዳ ከሆነማ ጨርሶ አይዘግይ። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጊቤን ቁልቁለት የሚያንቀላፋ ሹፌር ሲወርደው ማሰብ ይዘገንናል።

መድኃኒቱ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቁት ነው። አየር በቱቦና በማስክ እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዘዋል። የኦክስጅን መሣሪያ አይደለም፤ ይህ ልዩነት ሆስፒታል ውስጥ ዋጋ ስላለው ኋላ እንመለስበታለን። የአየሩ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ (የግፊት መለኪያ ነው) ባለው ውስጥ በሐኪም ይወሰናል። የወንድማችን 14 ተሞላ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው ማስኩን ነቅሎ ይጥላል። መፍትሔው ቀን ቀን ነው፤ ሳይተኙ፣ ቁጭ ብለው፣ ለ20 ደቂቃ ማስኩን ማድረግና መልመድ። ማሰሪያው የሚስተካከለው ተጋድሞ፣ አየሩ እየነፈሰ ነው፤ ቁጭ ብለው ያጠበቁት ሲተኙ ፊት ቅርጹን ስለሚቀይር አየር ያፈስሳል። ሲያፈስስ ደግሞ እጅ የሚሄደው ወደ ማጥበቅ ነው፤ የአፍንጫን አጥንት የሚያቆስለው ይህ ነው። ማስኩን ከፊት ትንሽ ሳብ አድርጎ መልሶ ማሳረፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጢምም በማስኩ ጠርዝ አየር ያስወጣል። ቫዝሊን የማስኩን ጎማ ያበላሸዋል፤ ፊትን ታጥቦ ሳይቀቡ መተኛት ነው።

ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ለለመደ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ማስኩ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የተነፈሰው አየር የሚወጣባቸው ናቸው። ጋቢው ከሸፈናቸው ሰውየው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ጋቢው ከትከሻ በታች ይሁን።

መሣሪያው የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ማጣሪያው ቶሎ ይጠቁራል። በወር አንዴ ይቀየራል፤ ከጠቆረ ከዚያም በፊት። የሚጣለውን ዓይነት ማጣሪያ አጥቦ መመለስ አይቻልም። መሣሪያው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከአልጋው ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ትበቃዋለች፤ ከፍ ካለ በቱቦው የተጠራቀመ ውኃ ወደ ፊት ይፈስሳል። አየሩን የሚያረጥበው የማርጠቢያው ውኃ ዲስትልድ የሚባለው፣ ተንኖ የተጣራው ይሁን፤ የቧንቧ ውኃ ቢፈላም ኖራው አይጠፋም፣ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። «የባትሪ ውኃ» ብለው ሲሸጡላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ በዚያ ስም አሲድም ይሸጣል። ማስኩ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ሳሙና፣ ቱቦውና የውኃ ማጠራቀሚያው በሳምንት አንዴ ይታጠባሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታቸው ይድረቁ።

መብራት ሲሄድስ? እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ «ታፍኖ ይሞትብኝ ይሆን?» አይታፈንም። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ማስክ መሣሪያው ሲቆም ተከፍቶ የውጭ አየር የሚያስገባ መክደኛ አለው፤ የአፍንጫው ዓይነት ከሆነ አፍ ነጻ ነው። ሕመሙ ግን ያን ሌሊት ይመለሳል። መሣሪያው ያለ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዋት አይበልጥም፤ 8 ሰዓት በ30 ሲባዛ 240 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ 600 ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ መጠቀም ስላለብን አንድ ሌሊት ያሳድራል። የማርጠቢያው ማሞቂያ ከተከፈተ ሂሳቡ ይፈርሳል፤ በባትሪ ሲሆን ማሞቂያው ይዘጋ። ለመሣሪያው ሞዴል የተሠራውን የባትሪ ገመድ መግዛት ይሻላል፤ በግምት የተቀጠለ ገመድ መሣሪያውን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው። ወንድማችን 142 ኪሎ ነበር፤ የተሠራለት ኪሎ ለመቀነስ የሚደረገው፣ ስሊቭ የሚባለው፣ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ቆርጦ የሚያወጣው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲፓፑን ለሳምንታት በትክክል መጠቀም ግድ ነው፤ ልብና ሳንባ አርፈው ነው ወደ ሰመመን መግባት ያለባቸው። «በሌሊት ለ4 ሰዓት ያህል ከተጠቀምኩ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ወደ ንጋት ይበዛል፤ ጡንቻ በጣም የሚላላውም፣ ትንፋሽ ረዝሞ የሚቋረጠውም ያን ጊዜ ነው። ለጸሎት ሌሊት 9 ሰዓት የሚነሣ ሰው ተመልሶ ሲተኛ ማስኩን ይመልስ። ከዚህ ሌላ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ስብና ስኳር የቀነሰ ምግብ ይታዘዛል፤ ጨጓራውን የሚሸፍነው ጉበት እንዲኮማተርና ሐኪሙ እንዲያይ ነው። «የመጨረሻ ግብዣ» እያሉ ክትፎና ጠጅ ማቅረብ ፍቅር አይደለም።

ሆስፒታል ሲገባ የራሱን መሣሪያ፣ የራሱን ማስክና ማራዘሚያ ገመድ ይዞ ይግባ። የግፊቱን ቁጥር በወረቀት ጽፈን መሣሪያው ላይ ለጠፍን፤ ፈረቃ ሲቀየር አዲሷ ነርስ አንብባ ታውቃለች። ለማደንዘዣ ባለሙያው ሕመሙን አስቀድሞ መንገር የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል ብሎ ዝም አይባልም። «ኦክስጅን ተሰክቶለታል፣ ሲፓፕ አያስፈልገውም» ሲባል በትሕትና እንለምን፤ ኦክስጅን የደሙን ቁጥር ያሳምራል፣ የተዘጋውን ጉሮሮ ግን አይከፍትም። ሁለቱንም በአንድ ቱቦ ማያያዝ ይቻላል። እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ በጥንቃቄና በትንሹ ነው የሚሰጡት። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ይበል፤ የጣቱ የኦክስጅን መለኪያም አይነቀል።

ብዙዎች የሚያስፈራቸው የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉትንም ፍሩልን። ከቀዶ ሕክምና ማግስት የተነፈገው የሕልም እንቅልፍ በእነዚህ ሌሊቶች ተከማችቶ ይመለሳል፣ መቋረጡም አብሮ ይበረታል፤ በሽተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ወጥቶ ቤት ነው። ወንድማችን በሦስተኛው ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነበር፤ ተራ ገብተን አጠገቡ ነቅተን ጸለይን፣ ማስኩ ሲንሸራተትም መለስን። ወደ ጅማ ስንመለስ በየሰዓቱ አቁመን አራመድነው፤ ረጅም መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል።

«የሚገፋው አየር ስፌቱን ይከፍተዋል» የሚል ወሬ ሰምተን ፈርተን ነበር። ሐኪሙ እንደነገሩን ጥናቶች ሲፓፕ ስፌት እንዲያፈስስ እንደሚያደርግ አላሳዩም። አየር ተውጦ ሆድን መንፋቱ ግን አለ፤ ራስጌን ከፍ ማድረግ ይረዳል፣ ከቀጠለ ግፊቱን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን የአየር ነገር ነው ብሎ ማደር የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል።

ውኃ ትልቁ ፈተና ነው። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ያስፈልገዋል፣ ጨጓራው ግን በአንዴ አይቀበልም። ቤቱ በቡና ሲኒ ለካ፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሲኒ ፉት እየተባለ፣ በቀን 20 ሲኒ ገደማ። ሌሊት አፉ ተከፍቶ ማስኩ ካፈሰሰ ጉሮሮው ደርቆ ይነሣል፣ ያን ጊዜ ማርጠቢያውን ከፍ ማድረግ ነው። ምግብ ከፈሳሽ ወደ ተፈጨ፣ ከዚያ ወደ ለስላሳ በሳምንታት ይሸጋገራል፤ እንጀራና ዳቦ የሚያብጡ ስለሆኑ ኋላ ናቸው። ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም። የንስሐ አባቱ ከጾም አሳረፉት፤ ኋላ ሲፈቅዱለትም ሽሮና ምስር ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን የላቸውም፤ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ቡና መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀረበት፤ ለጅማ ልጅ ቀላል አይደለም። ጫት እንቅልፍ ስለሚሰርቅ፣ አረቄ ጉሮሮን ስለሚያላላ ሁለቱም ይቅሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ብዙ ሰው የሚስትበት። ኪሎው ይወርዳል፣ ማንኮራፋቱ ይቀራል፣ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ መሣሪያውን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅላል። አንዳንዱም «ፈውስህን ካመንክ ጣለው» ይለዋል። እኛ ለወንድማችን የነገርነው ሌላ ነው፤ ያዳነህ የሰጠህን ዕቃ አትጣል። የማንኮራፋት መቅረት የሕመሙ መቅረት ማስረጃ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሕመሙ በተወሰነ ደረጃ የሚቀርባቸው ብዙ ናቸው፣ ኪሎ ሲመለስም ይመለሳል። የሚፈርደው ዳግም የእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ ከ6 ወር እስከ ዓመት፣ ኪሎው ሲረጋ። እስከዚያ ግን መሣሪያው ራሱ መስተካከል አለበት። ፊት ሲከሳ ማስኩ ይሰፋል፣ የድሮው ግፊትም ይበዛል፤ አየር መዋጥና መንቃት ከጀመረው ምልክቱ ይህ ነው። እኛ በየ10 ኪሎው ማስኩን እንደገና ለካን።

ወንድማችን ዛሬ 96 ኪሎ ነው። ያለ መሣሪያ በተደረገው ዳግም ምርመራ 46ቱ ወደ 17 ወርዷል። መካከለኛ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ ከ14 ወደ 8 ወርዶ ሲፓፑ ቀጥሏል። እናቱ አሁንም ሌሊት ይነሣሉ፣ 41ዱንም ሳይቋረጥባቸው ያደርሳሉ። ጠዋት ቡናው ሳይቀርብ በፊት መጥተው ሌሊቱን ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ መሣሪያው ላይ የሚወጣውን ቁጥር ይጠይቁታል።

«ስንት አለ?»

«ሁለት፣ እማዬ።»

«ተመስገን።»