የአናፖሊስን ረቂቅ ሕጎች ለሰፈራችን ሰው በአማርኛ የማዘጋጅበት መንገድ

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ አናፖሊስ ላይ ይከፈታል። በ90 ቀን ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ኤፕሪል ላይ ይዘጋል። በዚህ አጭር ጊዜ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። ስቴቱ በ47 ዲስትሪክቶች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ አንድ ሴኔተርና ሦስት ደሌጌቶች (ከሴኔት ሌላ ያለው የደሌጌቶች ምክር ቤት አባላት) አሉት። አብዛኞቹ ተወካዮች ለመራጮቻቸው በኢሜይል ደብዳቤ ይልካሉ። እኔ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ለሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች መረጃውን በየሳምንቱ አጥርቼ አዘጋጃለሁ። ሥራዬ ደብዳቤውን መተርጎም ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን ተወካይ የሚጽፈው ባብዛኛው ራሱ ስላቀረበው ሕግ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ስለቀረው ወይም ተቃውሞ ድምፅ ስለሰጠበት ሲጽፍ ብዙም አይታይም። ስለዚህ ደብዳቤውን እንደ ጥቆማ እወስድና ወደ ረቂቁ የራሱ መዝገብ እሄዳለሁ። ሌላ ስቴት ለምትኖሩ ቁጥሮቹና ቀኖቹ ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን ይጠቅማችኋል።

በመጀመሪያ የምለየው ጉዳዩ የየትኛው መንግሥት እንደሆነ ነው። ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አናፖሊስን አይመለከቱም። ቲ ፒ ኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ)፣ ግሪን ካርድና ዲቪ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው፤ የሚጻፈውም ዋሽንግተን ላለው የኮንግረስ ተወካይ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤት ኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ ያስቀመጠው በራሱ ሕግ ነው። ሕጉ በ2023 የጸደቀው የካውንቲው መቀመጫ በሆነችው ሮክቪል ነው፤ የዓመቱ ጭማሪ ከዋጋ ንረቱ በ3 በመቶ በላይ እንዳይሆን፣ በምንም መልኩ ደግሞ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ተከራይ የሚያስይዘው ዲፖዚት ግን የስቴቱ ሕግ ነው። ተከራዩ ሁለቱንም «የኪራይ ሕግ» ይላቸዋል፤ አቤቱታውን ለተሳሳተ ሰው ከላከ ግን ወሳኙ ሳምንት ያለ ውጤት ያልፍበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዜና የመጀመሪያ መስመር ላይ «ስቴት»፣ «ካውንቲ» ወይም «ፌዴራል» ብዬ እጽፋለሁ።

ከ2,000ው ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ15 በላይ አልከታተልም። ለእያንዳንዱ በሠንጠረዥ የምይዘው ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ ያለበትን ኮሚቴ፣ የሂሪንግ (ሕዝቡ በረቂቁ ላይ ቃል የሚሰጥበት የኮሚቴ ስብሰባ) ቀኑን፣ የመጨረሻውን እርምጃ፣ የጽሑፉን ቅጂና ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ነው። ዓመቱን መያዝ የግድ ነው። በሜሪላንድ በኤፕሪል ያላለፈ ረቂቅ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሸጋገርም። አቅራቢው ከፈለጉ እንደ አዲስ ያስገቡታል፤ ያኔ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። የ2024ቱ ኤች ቢ (የደሌጌቶች ምክር ቤት ረቂቅ) 477 እና የ2025ቱ ኤች ቢ 477 ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በቴሌግራም ከሚዞሩት የተሳሳቱ ወሬዎች ብዙዎቹ ዓመት ከሌለው ቁጥር የመጡ ናቸው። ሌላው መያዝ ያለበት የመንታው ቁጥር ነው። አንድ ሐሳብ በሁለቱም ምክር ቤቶች በኤች ቢና በኤስ ቢ (የሴኔት ረቂቅ) ቁጥር በአንድ ጊዜ ሊገባ ይችላል። አንደኛው ቆሞ ሌላኛው ሊሄድ ስለሚችል አንዱን ብቻ የሚከታተል ሰው «ሞተ» ብሎ ይደመድማል።

ጽሑፉን ለማንበብ አራት ምልክቶችን ማወቅ ያስፈልጋል። በትላልቅ ፊደላት የተጻፈው ወደ ነባሩ ሕግ የሚጨመር አዲስ ቃል ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ከነባሩ ሕግ የሚወጣ ነው። ከሥሩ የተሰመረበት በማሻሻያ የገባ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ የተሰረዘው ደግሞ በማሻሻያ የወጣ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰው ጽሑፉን ቀድቶ በስልኩ መተርጎሚያ ውስጥ ሲያስገባው ነው። ሲቀዳ ስረዛውም መስመሩም ይጠፋል። ምክር ቤቱ ያወጣው አንቀጽ እንደ ጸና ሕግ ሆኖ ይተረጎማል፤ የድሮውና የአዲሱ የገንዘብ መጠን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንባቢውም የትኛው እንደሚሠራ አያውቅም። ስለዚህ ፒ ዲ ኤፉን በዓይኔ ሳላየው ከመተርጎሚያ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስተላልፍም።

ከጽሑፉ በፊት ግን የማነበው ፊስካል ኖት የሚባለውን ነው። የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ረቂቅ የሚያዘጋጁት የወጪና የይዘት ማብራሪያ ነው። ደጋፊም ተቃዋሚም አይደለም። በውስጡ «አሁን ያለው ሕግ» የሚል ክፍል አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው። ሰው ምን እንደሚለወጥ የሚገባው ዛሬ ያለውን ሲያውቅ ነው። አነስተኛ ንግዶችን የሚነካ መሆን አለመሆኑም ለብቻው ይጻፋል፤ ምግብ ቤትና ሱቅ ያላቸው አንባቢዎቼ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። ከላይ ማብራሪያው የተሠራው በየትኛው የረቂቁ ቅጂ ላይ እንደሆነ ተጽፏል። ረቂቁ ተሻሽሎ ማብራሪያው የመጀመሪያውን ቅጂ የሚያሳይ ከሆነ በውስጡ ያለው አኃዝ አርጅቷል ማለት ነው።

«አለፈ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከኮሚቴ ማለፍ፣ ከአንድ ምክር ቤት ማለፍና ሕግ መሆን የተለያዩ ናቸው። ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ይመራል፣ ሂሪንግ ይደረግለታል፣ ኮሚቴው ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በሁለተኛው ንባብ ማሻሻያ ይደረግበታል፤ በሦስተኛው ንባብ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ ይመዘገባል። ከዚያ ወደ ሌላው ምክር ቤት ይሄድና ያንኑ መንገድ ይደግማል። ለማለፍ በደሌጌቶች ምክር ቤት ከ141 ውስጥ 71፣ በሴኔት ከ47 ውስጥ 24 ድምፅ ያስፈልጋል። ስሌቱ በተገኙት ሳይሆን በጠቅላላው የአባላት ቁጥር ነው፤ 70 ደግፈው 60 ቢቃወሙ ረቂቁ ይወድቃል። ማርች ውስጥ ክሮስኦቨር የሚባል ቀን አለ። በዚያ ቀን ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ ዕድሉ በጣም ይጠባል። ለተወካያችሁ ስልክ የምትደውሉ ከሆነ ከክሮስኦቨር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ደውሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደወለው ብዙውን ጊዜ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ከወደቁት ረቂቆች ብዙው በድምፅ የወደቀ አይደለም። ኮሚቴው ድምፅ ሳይሰጥበት ዝም ይለውና 90ው ቀን ያልቃል። በ2024 የቀረበው ኤች ቢ 477 በደሌጌቶች ምክር ቤት ካለፈ በኋላ ሴኔት ውስጥ ቀርቷል። ይህ ረቂቅ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት የተከራይን ውል ከማደስ እንዳይቆጠብ የሚመለከት ነበር። ብዙ ሰው «አከራይ ማስወጣት ሊከለከል ነው» ብሎ ተረድቶት ነበር። ጽሑፉ የሚለው ግን ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ይኑራቸው ነው። ቢጸድቅ እንኳ ሮክቪል ላይ ሌላ ሕግ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ረቂቅ ሳነብ በቀጥታ ያዛል ወይስ ይፈቅዳል የሚለውን አስቀድሜ እለያለሁ። የሚፈቅድ ከሆነ «እስካሁን በእናንተ ውል ላይ የሚለወጥ ነገር የለም» ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ።

የተወካዮቻችንን ድምፅ ስዘግብ ከደብዳቤያቸው አልነሳም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በረቂቁ ታሪክ ውስጥ የድምፅ ዝርዝሩ በፒ ዲ ኤፍ ተያይዟል። የኮሚቴው ድምፅም ለብቻው አለ። ዝርዝሩ ደግፈዋል፣ ተቃውመዋል፣ ድምፅ አልሰጡም፣ ድምፅ ከመስጠት ተፈቅዶላቸው ታቅበዋል፣ አልተገኙም ብሎ ይለያል። የጥቅም ግጭት አለብኝ ብሎ የታቀበን ሰው «ሸሽቷል» ማለት ፍትሕ አይደለም። በቃል «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ በታለፈ ማሻሻያ ላይ ደግሞ ማን ምን እንዳለ ስም በስም አይመዘገብም። ያልተመዘገበውን በግምት አልሞላም። እንደ ተባባሪ አቅራቢ መፈረምንም እንደ ድምፅ አልቆጥርም፤ ፈርመው ሳለ ረቂቁ ከኮሚቴ እንዲወጣ ምንም ያላደረጉ አሉ።

ሲገባ የነበረ ቁጥርና ሲወጣ ያለው ቁጥር አንድ ላይሆን ይችላል። በ2024 ኤች ቢ 693 ሲቀርብ አከራይ ተከራይን ለማስወጣት ፍርድ ቤት ሲከስ የሚከፍለውን ተጨማሪ ክፍያ ከ8 ዶላር ወደ 93 ዶላር ሊያሳድግ ነበር። ሕግ ሲሆን 43 ዶላር ሆነ። በ2023 ዝቅተኛውን ደመወዝ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ያደረገው ሕግም ሲገባ ደመወዙ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እንዲያድግ ይል ነበር። ያ ክፍል ወጣ። የየካቲትን ዜና ይዞ በግንቦት አሠሪውን ጭማሪ የሚጠይቅ ሰው የሚያፍረው በእኛ የተነሳ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ቅጂ ሳላይ «ሕጉ እንዲህ ይላል» አልልም።

ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በጽሑፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው የሚገኘው። ብዙዎቹ ኦክቶበር 1 ይጀምራሉ፤ ገንዘብ ነክ የሆኑት ጁን 1 ወይም ጁላይ 1 ላይ መጀመራቸው የተለመደ ነው። አስቸኳይ ተብሎ በሦስት አምስተኛ ድምፅ ያለፈ ደግሞ ወዲያው ይጸናል። ይህን ቀን መዝለል ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ የሚያሳየው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕጉ ነው። በ2022 ምክር ቤቱ አጸደቀው፣ የዚያን ጊዜው ገዥ ሆጋን ውድቅ አደረጉት፣ ምክር ቤቱም በሦስት አምስተኛ ድምፅ ሽሮ ሕግ አደረገው። በአብዛኛው እስከ 12 ሳምንት ፈቃድና በሳምንት እስከ 1,000 ዶላር ክፍያ ይሰጣል። ክፍያው መጀመሪያ በ2025 ይጀምራል ተባለ፤ ከዚያ በተከታታይ ዓመታት ተገፋ። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት መዋጮው ጃንዋሪ 1 ቀን 2027፣ ክፍያው ጃንዋሪ 3 ቀን 2028 ይጀምራል። «ሕጉ ጸድቋል» ብሎ ብቻ የተነገራት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ክፍያ አለኝ ብላ ፈቃድ ልትወጣ ትችላለች። እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳይደርስ ለእያንዳንዱ ሕግ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አንድ ዜና ተጠናቆ ሲወጣ መልኩ ይህን ይመስላል፦

«ስቴት። ኤች ቢ 693፣ 2024። ሕግ ሆኗል። አከራይ በዲፖዚት መልክ ሊቀበል የሚችለው ከፍተኛ መጠን ከሁለት ወር ኪራይ ወደ አንድ ወር ዝቅ ብሏል። የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ቀን 2024፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ነው። ልዩ ሁኔታ፦ ለመብራትና ለጋዝ እርዳታ ብቁ የሆነ ተከራይ ፍጆታውን በቀጥታ ለአከራዩ የሚከፍል ከሆነና ሁለቱ በጽሑፍ ከተስማሙ እስከ ሁለት ወር መቀበል ይቻላል።»

ከ80 ቃል አይበልጥም። የእኔን ድጋፍም ተቃውሞም አልጨምርበትም፤ አስተያየት ካለኝ ለብቻው ስሜን ይዤ እጽፋለሁ። ለማንበብ ለሚቸገሩ እናቶችና አባቶች ያንኑ በድምፅ ቀድቼ እልካለሁ።

በጀቱ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። ከበጀት ሕጉ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ረቂቅ አለ፤ ታክስና ክፍያ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። በ2025 ይህ ኤች ቢ 352 ነበር። በዳታና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አገልግሎት ላይ የ3 በመቶ የሽያጭ ታክስ ከጁላይ 1 ጀምሮ የጣለው፣ ካውንቲዎች የሚያስከፍሉትን የገቢ ግብር ጣሪያም ከ3.20 ወደ 3.30 በመቶ ከፍ ያደረገው እሱ ነው። በርዕሱ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም አያገኛቸውም።

ሂሪንግ ላይ ቃል ለመስጠት በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ምዝገባው የሚከፈተው ከሂሪንጉ በፊት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ የኮሚቴውን መመሪያ በዚያው ሳምንት ተመልከቱ፤ የአምናው ላይሠራ ይችላል። ስትመዘገቡ ትደግፋላችሁ፣ በማሻሻያ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ የሚለውን መምረጥ አለባችሁ። ጽሑፋችሁን በፒ ዲ ኤፍ አያይዙ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለንግግር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነ የእናንተ ድርሻ ግማሹ እንደሚሆን አስባችሁ አዘጋጁ። መጀመሪያ የረቂቁን ቁጥርና አቋማችሁን፣ ከዚያ በእናንተ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር፣ ከዚያ ምን እንደምትጠይቁ ተናገሩ። ሰላምታና ምስጋና ሲረዝም ደወሉ ዋናው ነገር ሳይነገር ይደወላል።

ሰዓቱን በተመለከተ በተለይ ተጠንቀቁ። ብዙ ሂሪንጎች የሚጀምሩት በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ላይ ነው። «1 ሰዓት» ብሎ ብቻ የተላከ መልእክት ለአንዱ የጠዋት፣ ለሌላው የማታ ይሆናል። «ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በስልካችሁ ላይ 1:00 ፒ ኤም» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ምክር ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሠንጠረዡን አልዘጋም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ያለፉት ረቂቆች ለገዥው ከቀረቡላቸው በኋላ 30 ቀን አላቸው። ካልፈረሙና ውድቅም ካላደረጉ ረቂቁ ያለ ፊርማ ሕግ ይሆናል፤ የፊርማ ሥነ ሥርዓት አላየንም ተብሎ ቀረ አይባልም። ጁን ላይ የመጨረሻውን ዝርዝር እልካለሁ፤ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ ኦክቶበር 1 የሚጀምሩትን ብቻ ለይቼ እንደገና አስታውሳለሁ።