«ያንን ሰውዬ አንሣልኝ»

ይህን ምስክርነት ሠላሳ ስድስት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ቀኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ነገሩ የሆነው ዋሽንግተን ዲሲ ነው።

በ1988 ታክሲ እነዳ ነበር። ኖርዝ ኢስት በሚባለው የከተማው ክፍል ውስጥ ኦርሊንስ ፕሌስ የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ያኔ ማታ ማታ መኪና ተሰልፎ ክራክ የሚባለው የኮኬይን ዕፅ ይገዛበት ነበር። ዳቦ ቤት ነበር የሚመስለው። መጀመሪያ ደንበኛ አደርስ ነበር፣ በኋላ ራሴ ተሰለፍኩ። የቤት ኪራዩም፣ ለአገር ቤት የሚላከውም ብር እዚያ ገባ። ሌላውን አልዘረዝርም።

የሰፈሩ የዕፅ ንግድ ጌታ ሬይፉል ኤድመንድ ነበር። ገና 24 ዓመቱ ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ሳይቀር ወዳጅ አድርጎ፣ አሠልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ራሳቸው አስጠርተው ከልጆቹ እንዲርቅ ነግረውታል። እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን «ጌታ ሆይ፣ ያንን ሰውዬ አንሣልኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር። ጸልዬ እወጣለሁ፣ ወጥቼ እገዛለሁ።

በ1989 ሚያዝያ ላይ ተያዘ። በታክሲዬ ራዲዮ ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በሦስተኛው ቀን ከሌላ መንገድ፣ ከሌላ ጎረምሳ ገዛሁ።

ነሐሴ ላይ ኪሴ ባዶ ሆነ። ከአገሬ ስወጣ እናቴ ያሰረችልኝን የብር መስቀል ከነማተቡ ፈታሁ። ዕፁን የሚሸጥልኝ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መብራት ሥር ወስዶ አገላበጣት። «ይቺን አልወስድም፤ አያቴ ትገድለኛለች» አለኝ። መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን ራሱ አጠፈልኝ።

ታክሲው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ሌሊት ስለ ሰውየው አልጸለይኩም። «እኔን አንሣኝ» ነው ያልኩት። ጓደኛዬ የመኪናዬን ቁልፍ ደብቆ ሦስት ሳምንት ቤቱ ወለል ላይ አስተኛኝ። ላቡ፣ ቅዠቱ፣ ስድቤም ጭምር እሱን አልሰለቸውም። ከዚያ ወዲህ አልነካሁም።

መስከረም ላይ እናቴ ጋር በጎረቤት ስልክ ደወልኩ። «ፍልሰታን እንጦጦ ማርያም ሱባዔ ገብቼ ነበር» አለችኝ። «ድምፅህ አላምር ብሎኝ። ምን እንደያዘህ አላውቅ፣ ብቻ የያዘውን አስለቅቂልኝ ብዬ አስቸገርኳት።» ምን እንደነበር ሳልነግራት አረፈች።

ሰውየውን በዚያው ሰሞን በሄሊኮፕተር ፍርድ ቤት ያመላልሱት ነበር። ችሎቱ ጥይት በማይበሳው መስታወት ተከልሎ ነው የታየው። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ እስር ቤት ሆኖም ንግዱን ቀጠለ። በኋላ ከመንግሥት ጋር ተባበረ። አንዱ ምክንያቱ እናቱ ናት፤ በእሱው ጣጣ ታስራ ነበርና ቅጣቷ ተቀነሰላት። እሱም በ2024 ክረምት ከእስር ቤት ወጣ። ታኅሣሥ 17 ሞተ፣ በ60 ዓመቱ።

በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጧፍ ገዛሁ። አንዱ ለእሱ። አንዱ ለዚያ ልጅ። ስሙን ስለማላውቅ «የአያቱ ልጅ» ብዬ አበራሁለት።