እንደ እቁብ የሚዞር መላጫ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ቦታ አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ ባልደረባዬ ፖስታ አቀበለኝ። ስከፍተው የጢም መላጫ። የራሱ! «ሳምንት ሞክረውና ለሚቀጥለው አሳልፍ» አለኝ።

ክው አልኩ። እኛ እኮ «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» እየተባልን ያደግን የኤድስ ዘመን ልጆች ነን። ፊቴን አይቶ ሳቀ። ለካ የሚዞረው መያዣው ብቻ ነው፤ ያውም ታጥቦ፣ በአልኮል ተጠርጎ። ምላጩን እያንዳንዱ የራሱን አዲስ ያስገባል። እቁብ በሉት፣ የሚደርሰው ግን መላጫ ነው።

ማታ መብራት ስር ገለባበጥኩት። ከጭንቅላቱ ሥር «ኤች-2» የሚል ተቀርጿል። መላጫውን የሠራው ጂሌት ኩባንያ ያኔ ፊደሉን ለዓመቱ፣ ቁጥሩን ለሩብ ዓመቱ ነበር የሚጠቀምበት። በፈረንጆቹ 1962፣ ሁለተኛው ሩብ ዓመት። አባቴ ጢም ሳያበቅል ማለት ነው! እግሩን ሲያዞሩት አናቱ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ለሁለት ይከፈታል። አሁንም ቀጥ ብሎ ይሠራል። አንገቱ ላይ ከ1 እስከ 9 ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን አላጫጩ ይከርራል።

ሰውዬው «ከ3 ጀምር፣ አትጫነው፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር። እኔ በፕላስቲኩ ልማዴ 7 ላይ አድርጌ ተጫንኩት።

የእኔ መላጫዎች ወር ሳይሞላቸው ቆሻሻ መጣያ ይገባሉ፤ ይሄኛው በስንት ሰው እጅ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። አገጬ ላይ ሁለት ቦታ ሶፍት ለጥፌ ነው ይህን የምጽፈው። ነገ 3 ላይ እሞክራለሁ።