ንግግር ሲጠፋ የሚቀር ዜማ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በስትሮክ ምክንያት የቀኝ ጎናቸው የሰነፈና አንደበታቸው የተሳሰረ አንዲት ከጎንደር የመጡ እናት ነበሩ። ውኃ ፈልገው ቃሉ ሲጠፋባቸው በንዴት ያለቅሱ ነበር፤ ልጃቸው በስልኳ የጥምቀት መዝሙር በከፈተችላቸው ዕለት ግን ግጥሙን ሳያዛንፉ እስከ መጨረሻው አብረው ዘመሩት። ልጅቷ ተአምር ነው ብላ እልል ስትል፣ የንግግር ቴራፒስቷ ግን እምብዛም አልተገረመችም።

በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ሲሆን፣ ዜማ ስናወጣ ቀኙም ስለሚሳተፍ፣ ግራው የተጎዳበት ሰው መናገር ተስኖት መዘመር ሊሆንለት ይችላል። የቦስተን ተመራማሪዎች በ1973 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ተጠቅመው፣ ታማሚው አጫጭር ሐረጎችን በዜማ እያለ በግራ እጁ ምት የሚመታበትን ሕክምና አስተዋወቁ፤ በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስም ንግግሯን ለመመለስ ከረዷት ሕክምናዎች አንዱ ሙዚቃ ነበር። የእኛም እናት ከብዙ ልምምድ በኋላ «ውኃ ስጪኝ»ን በመዝሙሩ ዜማ ማለት ቻሉ፤ አማርኛ የማያውቁት ባልደረቦቼ እንኳ ዜማውን ሲሰሙ ብርጭቆ ይዘው ይመጡላቸው ጀመር።

ይህ ሲባል ማንኛውም ሙዚቃ እኩል ይጠቅማል ማለት አይደለም። በ2008 በታተመው የሄልሲንኪ ጥናት፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ራሳቸው የመረጡትን ሙዚቃ ለ2 ወራት በየቀኑ አዳምጠው፣ በ3ኛው ወር የቃል ትውስታቸው በ60 በመቶ ሲሻሻል፣ የተቀረጸ መጽሐፍ ያዳመጡት በ18፣ ምንም ያልተሰጣቸው ደግሞ በ29 በመቶ ተሻሽለዋል፤ የሙዚቃ አዳማጮቹ ድባቴም ያነሰ ነበር። ለእኔ ዋናው ነገር ምርጫው የራሳቸው መሆኑ ነው። በሳሎናችን ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ የሚጮኸው ዘፈን ለሐበሻ አረጋዊ ጫጫታ ነው፤ ለአሜሪካውያኑም ሳይሆን አይቀርም።

እርምጃን ከተመጣጠነ ምት ጋር ማለማመድ ስትሮክ ወይም ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ያለባቸውን ሰዎች አረማመድ ያሻሽላል፤ አንጎል ቀጣዩን ምት አስቀድሞ ስለሚጠብቅ እግር ጊዜውን ያገኛል። ችክችካ ለዚህ ስለሚፈጥን፣ እኛ የምንጠቀምበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ትከሻቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ነው።

እኔ ራሴ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ትዝታ ካዳመጥኩ ሆዴ ይብሳል እንጂ አልረጋጋም፤ በገና ግን ትንፋሼን አዘግይቶ እንቅልፍ ያመጣልኛል፤ ዳዊትም ለሳኦል የደረደረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አሁን አዲስ ሐበሻ ታማሚ ሲገባ፣ ስለ መድኃኒቱ ከጠየቅሁ በኋላ ለቤተሰቡ የማነሣው ጥያቄ በወጣትነቱ ምን ያዳምጥ እንደነበር ነው። እዚህ ያደጉት ልጆች ብዙ ጊዜ ስለማያውቁት፣ አዲስ አበባ ላሉት አክስቶቻቸው ደውለው ይጠይቃሉ።