«ባዶ ነው» ያልኩት ፊልም

1989 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ፊልም አጣቢ ሆኜ ከተቀጠርኩ ስምንተኛ ወሬ ነበር። ሥራውን የቻልኩት መስሎኛል።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 19 ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሰሞን ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ባለ 36 ፊልም በፌስታል ይመጣል። ሙሽራው «ለነገ» ይላል፣ ሚዜው «ለዛሬ ማታ» ይላል። ማሽኑም እኛም አናርፍም።

በዚያ ግርግር መሀል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ፊልም ለተቀባይዋ ልጅ ሰጥተው ሄዱ። በኋላ እንደሰማሁት «የሰማይ ነው፤ ለሚያጥበው ልጅ ንገሪልኝ» ብለዋታል። እሷ ፖስታው ላይ «36፣ ማጠብና ማተም» ብላ ጻፈች። ወረፋው በር ድረስ ነበር፤ አልፈርድባትም።

አጠብኩት። የከለር ፊልም ዴቨሎፐር፣ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ 38 ዲግሪ ግድም ይሞቃል። ፊልሙ እዚያ ውስጥ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ብሊች፣ ፊክሰር፣ ውሃ፣ ማድረቂያ። ሲወጣ አየሁት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካንማ። ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ አንዱን ፍሬም ከሌላው የሚለይ መስመር እንኳን የለ።

የተማርኳት አንዲት ዘዴ ነበረች። ፊልም ባዶ ሆኖ ሲወጣ የጥፋቱን ባለቤት የሚነግርህ ጠርዙ ነው። ፋብሪካው ጠርዙ ላይ ያኖረው ስምና ቁጥር ካልታየ ኬሚካሉ አልሠራም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ከታየ ግን እጥበቱ ደህና ነው። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የደንበኛው። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል። እፎይ አልኩ። እዚህም እዚያም ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የተለቀለቀ ነገር። አቧራና የውሃ ጠብታ ነው ብዬ አለፍኩት። እንደ ልማዳችን በአራት በአራት ፍሬም ልክ፣ በግምት፣ ቆራረጥኩት። ፖስታው ላይ «ባዶ፤ የማጠቢያ ብቻ» ብዬ ጽፌ ወደ ሰርጌ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። ኮት፣ ባርኔጣ፣ ትከሻቸው ላይ አሮጌ የሩሲያ ዜኒት ካሜራ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ አልዞረም። ካሜራዎን ያሳዩት።»

አልመለሱልኝም። ኔጌቲቩን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከደረት ኪሳቸው ማጉያ መነጽር አወጡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ና እስቲ ልጄ። ይቺ ምንድን ናት?»

«አቧራ።»

«ጥረጋታ።»

ጠረግኋት። አልለቀቀችም።

«ኮከብ ናት። ይሄ የተለቀለቀውስ?»

ያን ጊዜ ፊቴ ጋለ። ኔጌቲቭ ላይ ብርሃን ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ጨለማ ደግሞ ባዶ ፊልም ይመስላል። የሙሽራ ቬሎ ጥቁር ሆኖ በቀን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሰማይ ላይ ሲሆን ግን አላሰብኩትም። የተለቀለቀው ነገር ያን ሰሞን ማታ ማታ ሰው ቀና እያለ ሲያየው የከረመው ጅራታም ኮከብ ነው። ሄል ቦፕ ይባላል። ሐምሌ 1987 ላይ አለን ሄልና ቶማስ ቦፕ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ሌሊት ያገኙት ነው። ለፀሐይ በጣም የቀረበው መጋቢት 23 ቀን ነበር። እሳቸው በጾሙ ወራት፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ እየወጡ ሲያነሱት ከርመዋል።

እኔ ደግሞ ስምንት ቦታ ቆርጬዋለሁ። ስምንቱም ፍሬም መሀል ነው የገቡት። በአንዱ ላይ ጅራቱን ከራሱ ለይቼዋለሁ።

«እንደገና ቢያነሱትስ?» አልኩ። የጅል ጥያቄ።

«እሱማ ይመለሳል» አሉ። «ከ2,300 ዓመት በላይ ቆይቶ።»

የሱቁ ባለቤት እየሮጠ መጣ። ገንዘብዎን ልመልስ፣ አዲስ ፊልም ልስጥዎ አለ። «ፊልሙን እወስዳለሁ» አሉ መምህሩ። «ግን የተረፈውን እዚሁ ቆሜ ከዚህ ልጅ ጋር ነው የማሳትመው።»

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ተቀመጥን። መጀመሪያ ፍሬሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መፈለግ ነበረብን። «ቀዳዳውን ቁጠር» አሉኝ። የፊልሙን ጠርዝ ቀዳዳዎች ማለታቸው ነው። ስምንት ቀዳዳ አንድ ፍሬም ነው። ከአንድ ጫፍ ከያዝክ በኋላ ስምንት ስምንት እየቆጠርክ ትሄዳለህ፤ ምንም ባይታይህ እንኳን አትሳሳትም። እንግዲህ ደሞዝ የሚከፈለው ፊልም አጣቢ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ህትመት ወጣ። ሰማዩ አመድ ነው። ሁለተኛውም አመድ። ማሽኑ ማንኛውም ፎቶ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ቬሎው፣ ሱፉ፣ ሣሩ ሲደባለቅ እውነትም እዚያው ግድም ይመጣል፤ ለሰርግ ይሠራል። ሌሊት ሲሰጡት ግን ጥቁሩን ሰማይ ስህተት ነው ብሎ ያነጣዋል። ስለዚህ ዴንሲቲውን፣ የህትመቱን ጥቁረት ማለት ነው፣ በእጅ መጨመር ጀመርን። አንድ ተጫነ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ሰማዩ ጠቆረ፣ ኮከቡ ከነጅራቱ ወጣ። በአምስተኛው ቀጭኑ ሰማያዊ ጅራት ጠፋ። ይህ ኮከብ ሁለት ጅራት አለው፤ አንዱ ነጣ ያለ አቧራ፣ አንዱ ሰማያዊ ጋዝ። ሰማያዊውን ላለማጣት ያባከንነውን ወረቀት ባለቤቱ አለማየቱ ደግ ሆነ።

በየመሀሉ ያጫውቱኝ ነበር። የዜኒቱ ዝቅተኛ ፍጥነት አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ነው፤ ለሌሊት አይረባም። ስለዚህ እስከያዙት ድረስ ሳይዘጋ የሚቆየው «ቢ» ላይ አድርገው በገመድ ከፍተው ይይዙታል። ግን ብዙ መያዝም አይቻልም። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ጭረት ሳይሆን ስንት ሰከንድ መያዝ እንደምትችል ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ታካፍላለህ። የእሳቸው ሌንስ 58 ስለሆነ ስምንት ሰከንድ ተኩል ግድም ይሰጣል።

«በጨለማ ሰዓትዎን እንዴት ያያሉ?»

«ምን ሰዓት ያስፈልጋል? አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ ‹በከመ በሰማይ ከማሁ በምድር› ስደርስ እዘጋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ደንበኛዬ ሆኑ። አንድ ጊዜ ትራይ ኤክስ የሚባል የኮዳክ ጥቁርና ነጭ ፊልም አመጡና የኮዳክን ሠንጠረዥ አሳዩኝ። የብርሃን መለኪያው 10 ሰከንድ ሲልህ 50 ስጠው ይላል። 100 ሲልህ ደግሞ 1,200፤ ሃያ ደቂቃ ማለት ነው። ፊልም ብርሃን ሲያንሰው ይደክማል። እኔ የደከመኝ ግን ይሄን ሁሉ ለባለቤቱ ማስረዳት ነበር። ቢያንስ ፖስታው ላይ «ምን አነሱ?» የሚል መስመር እንዲጨመር አስማማሁት። መልሱ ማታ፣ ርችት ወይም ሰማይ ከሆነ ፊልሙ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ይመለሳል።

እሳቸው ግን በመስመሩም በእኔም አላመኑም። በሚቀጥለው ፊልም የመጀመሪያውን ፍሬም በቀን ብርሃን አነሱት። የፍሬሙ ጫፍ ጥርት ብሎ እንዲታይና ከዚያ ስምንት ስምንት ቀዳዳ እንድቆጥር ነው። አጥቤ ወደ መብራቱ ቀና አድርጌ አየሁ። ሱቃችን ነው። ባንኮኒው ጀርባ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ መቀስ ይዣለሁ።