22 ጋሎን፦ አንዴ 5፣ አንዴ 6

አዳማ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ሊገዛ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው በኢንች ነው። «ባለ ሦስት ኢንች አለሽ?» ይለኛል፤ አለኝ እለዋለሁ፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከዚያ ስለ ፈረስ ጉልበቱ እንከራከራለን። «በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ይሰጠኛል?» ብሎ የሚጀምር ደንበኛ ሲገጥመኝ ግን ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ፤ ቡናም አዝለታለሁ።

ኢንች የቱቦው አፍ ስፋት እንጂ የውሃው መጠን አይደለም። በባለ 2 ኢንች ቱቦ ውስጥ ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ በየሰከንዱ 4 ሊትር ገደማ ይወጣል። በዚያው ፍጥነት ባለ 3 ኢንቹ 9 ሊትር ያህል ያወጣል። ከሁለት ወደ ሦስት መሄድ በግማሽ መጨመር ይመስላል፤ ውሃው ግን ከእጥፍ በላይ ነው የሚያድገው። ይህን ከወንጂ፣ ከዶዶታና ከመቂ ለሚመጡ አትክልት አብቃዮች ስነግራቸው ብዙም አይከብዳቸውም። ዕድሜውን ሙሉ ቦይ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ውሃን በዓይኑ መመዘን ይችልበታል።

የሚከብደው ጋሎን ነው። ሊትርና ሜትር ኩብ የተጻፈበት ፓምፕ ማንንም አያሳስትም፤ 1 ሊትር በሰከንድ 3.6 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው፣ አለቀ። ጋሎን የተጻፈበት ፓምፕ ሲመጣ ግን ከማባዛት በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ የማን ጋሎን? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1707 በንግሥት አን ዘመን የወይን ጠጅ ጋሎንን 231 ኪዩቢክ ኢንች ብለው ደነገጉ። አሜሪካኖች ነጻ ሲወጡም ያንኑ ይዘው ቀጠሉ። እንግሊዞች ደግሞ በ1824 የነበሯቸውን ልዩ ልዩ ጋሎኖች ሁሉ ሽረው፣ 10 ፓውንድ ውሃ የሚይዝ አዲስ ጋሎን አወጡ። ልጅ የአባቱን ቁና ይዞ ከቤት ከወጣ በኋላ አባት ሌላ ተለቅ ያለ ቁና እንዳሠራ ቁጠሩት፤ ሁለቱም ዛሬ ድረስ «ቁና» ነው የሚሉት። የልጁ 3.785 ሊትር ይይዛል፣ የአባቱ 4.546።

ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ጥቂት አይደለም፤ አንድ አምስተኛ ነው። እኔ ይህን በቃሌ የያዝኩት በነጥብ ቁጥሮች አይደለም። በዱቤ መዝገቤ ሽፋን ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ 22 የአሜሪካ ጋሎን በደቂቃ፣ 5 ሜትር ኩብ በሰዓት። 22 የእንግሊዝ ጋሎን በደቂቃ፣ 6 ሜትር ኩብ በሰዓት። አስልታችሁ ብታዩት ስህተቱ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ለፓምፕ ገበያ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ፓምፑ ራሱ በአሮጌና በአዲስ ማኅተም (ውሃ እንዳያመልጥ በሚዘጋው ክፍል) መካከል ከዚያ በላይ ይለያያል። በሊትር በሰከንድ የፈለገ ውጤቱን ለ3.6 ያካፍል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በወንጂ በኩል ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት ፓምፓቸውን በጋሪ ጭነው መጡ። ከሌላ ከተማ፣ ያገለገለ ማሽን ከሚሸጥ ነጋዴ የገዙት ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ከማጠራቀሚያ ገንዳ ውሃ ስቦ ወደ 2 ሄክታር፣ ማለትም ወደ 8 ጥማድ ማሳ ይገፋል። ሲገዙት «በሰዓት 60 ሜትር ኩብ» ተብለዋል። ማሳው ጫፍ ላይ ያሉት ቦዮች ግን ውሃ አያገኙም። አንዱ ጠጋኝ ማኅተሙን ቀየረ፤ ሌላው ወንፊቱን አጠበ፤ ሦስተኛው «ሞተሩ ደክሟል፣ የውስጥ ሽቦው እንደገና መጠቅለል አለበት» ብሎ ዋጋ ቆረጠ። እሳቸው ደግሞ ከመጠቅለሉ በፊት አንድ ሰው ያየው ብለው ወደ እኔ መጡ።

ሞተሩ ላይ የተመታው የብረት መለያ በሰማያዊ ቀለም ተደፍኗል። ማሽን አሳምሮ ለመሸጥ ሁሉንም ነገር ቀለም መቀባት የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን ያንን መለያ መቀባት መታወቂያ ላይ ቀለም እንደማፍሰስ ያናድደኛል። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዤ ቀስ እያልኩ ጠረግኩት። መጀመሪያ 7.5 የፈረስ ጉልበት የሚለው ወጣ። ቀጥሎ 220 ጂፒኤም፣ ማለትም 220 ጋሎን በደቂቃ። ከጎኑ 75 ጫማ፣ ውሃውን የሚያነሳበት ከፍታ። በመጨረሻ ታችኛው መስመር ላይ 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 3450 ዙር በደቂቃ። የአሜሪካ ይሁን የእንግሊዝ የሚል ምንም ምልክት የለም።

«ልጄ፣ ሰውየው ፊቴ በስልኩ አስልቶ ነው 60 ያለኝ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

«ስልኩ እውነቱን ነው፣ ኦቦ። ጋሎኑ የእንግሊዝ ቢሆን ልክ 60 ነበር።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ጣቴን 60 ኸርዝ የሚለው ላይ አሳረፍኩ። እንግሊዝ አገር የመብራቱ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፤ እኛም ዘንድ እንዲሁ። 460 ቮልትና 60 ኸርዝ አብረው ከተጻፉ ማሽኑ የተሠራው ለአሜሪካ መስመር ነው፤ ስለዚህ ጋሎኑም የዚያው አገር ነው። ማረጋገጫ ለሚፈልግ የቱቦ መግጠሚያውን ጥርስም ማየት ይቻላል፤ የአሜሪካው ጥርስ 60 ዲግሪ ነው፣ እኛ ገበያ ላይ የለመድነው የእንግሊዙ 55፤ ሁለቱን ሲያጋጥሟቸው ጥቂት ዙር ገብተው ይነክሳሉ። የእሳቸው ፓምፕ አፍ ላይ የተጠቀለለው የማኅተም ክር ብዛት ራሱ ይመሰክር ነበር።

220ን ለ22 ሳካፍል 10 ነው፤ 10 ጊዜ 5፣ 50። የሻጩ ስልክ 10 ሜትር ኩብ በሰዓት ሰጥቷቸዋል፣ በነጻ። ስልኮች ላይ ያለው መቀየሪያ «ጋሎን» ሲባል አንዱን በራሱ ይመርጣል፤ የመረጠውንም በደቃቅ ፊደል ነው የሚጽፈው። ሻጩ አውቆ አታለለ አልልም። አላየም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን አላለቀም፤ 60 ኸርዝ የተጻፈበት ሞተር አዳማ መጥቶ በ50 ኸርዝ ሲዞር ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 3450 ዙር 2875 ይሆናል። ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው መዘውር) የሚገፋው ውሃ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለሚወርድ 50 ሜትር ኩቡ ወደ 41.7 ይወርዳል። የሚያነሳበት ከፍታ የባሰ ነው፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ይወድቃል። 75 ጫማ 22.9 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው 15.9 ሜትር። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ የሁለቱ ጋሎኖች ጥምርታም፣ የሁለቱ ኸርዞች ጥምርታም 5 ለ6 ነው። በዚህ ፓምፕ ላይ ያው አንድ ስድስተኛ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ።

ይህን ማንም ያልጠረጠረበት ምክንያት አለ። 460ን ለ60፣ 380ን ለ50 አካፍሉ፤ ውጤቱ ሊመሳሰል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ለ460 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 380 ቮልትና 50 ኸርዝ ላይ ሳይጋል፣ ሳይጮህ፣ ጤነኛ ሆኖ ይዞራል። ቢቃጠል ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር። ጤነኛ መስሎ ውሃ የሚያሳንስ ማሽን ነው ሰውን ከጠጋኝ ጠጋኝ የሚያዞረው።

ወረቀት ላይ የወጣውን ቁጥር በውሃ ማየት እወዳለሁ፤ ሒሳቤን ተጠራጥሬ አይደለም፣ ደንበኛው እንዲያይ ነው። በርሜል ለዚህ ሥራ ያንሳል። ፓምፑ በሰከንድ 11 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ በርሜል በ18 እና በ19 ሰከንድ መካከል ይሞላል፤ አንዲት ሰከንድ ዘግይቶ ሰዓቱን የነካ ሰው 5 በመቶ ተሳሳተ ማለት ነው። በዚያ ላይ «200 ሊትር» የምንለው በርሜል 55 የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 208 ሊትር ነው። ስለዚህ ማሳቸው ላይ ያለውን ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ውሃውን አፍስሰን ባዶ አደረግነው፤ የፓምፑን መውጫ ወደ አፉ አዞርነው። ልጃቸው የስልኩን ሰዓት ያዘ። ውሃው አንገቱ ላይ ሲደርስ ልጁ «3 ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ። 2000 ሊትር በ180 ሰከንድ 11.1 ሊትር በሰከንድ ነው፤ 40 ሜትር ኩብ በሰዓት። ከ41.7 የጎደለችው የመታጠፊያዎቹና የቱቦው ድርሻ ናት፤ ሞተሩ አልደከመም።

አሁን ሽንኩርቱ። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። ሽንኩርቱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ይጠጣል ብንል 2 ሄክታሩ በቀን 100 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በቦይ ሲጠጣ ከውሃው ብዙው ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጫፍ ላይም ይፈስሳል፤ 60 በመቶው ብቻ ሥሩ ጋ ደረሰ ብለን ብናስብ 167 ሜትር ኩብ መግፋት ያስፈልጋል። እሳቸው በየ5 ቀኑ ነው የሚያጠጡት፤ ስለዚህ በአንድ ተራ 833 ሜትር ኩብ። ፓምፑ 60 ቢሰጥ በ14 ሰዓት ያልቃል። 40 ሲሰጥ 21 ሰዓት ይፈጃል።

«በተራ ስንት ሰዓት ያሠሩታል?» ስላቸው «አሥራ አራት» አሉኝ። ሻጩ ነው ያሰላላቸው። ጫፍ ላይ ያሉት ቦዮች ለምን እንደሚደርቁ ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ገና ሳልጨርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ሸጬ ሌላ ልግዛ ወይ አሉኝ፤ እኔ ፓምፕ ነጋዴ ነኝና «ይግዙ» ማለት ይቀናኝ ነበር። ግን በ5 ቀን ውስጥ 21 ሰዓት ማሠራት ለዚያ ሞተር ምንም አይደለም። ማሳውን በሦስት ከፍለው በሦስት ቀን እንዲያጠጡ፣ በየቀኑ 7 ሰዓት እንዲያሠሩ ተስማማን። «በኢንቨርተር (ኸርዙን በሚቀይር መሣሪያ) ወደ 60 ኸርዝ መልሰው» የሚል አንድ ወጣት ቴክኒሻን ነበር፤ መስመሩ 380 ቮልት ላይ ስለሚቀር ሞተሩ ለተጨማሪው ጭነት አቅም ያንሰዋል፣ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክም ይስባል። ለመጠቅለያ የተጠየቁትን ገንዘብ ለቱቦ ቢያውሉት ይሻላል አልኳቸው።

በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ ፓምፖች ሌላ ጣጣ አላቸው። ካታሎጋቸው የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው፤ አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የመምጠጥ ነገርም አለ፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ውሃን ሊያነሳ የሚችለው ቢበዛ ወደ 8 ሜትር ተኩል ነው፣ በተግባር ከ6 በላይ አልመክርም። አዋሽ ዳር 8 ሜትር ገደል ላይ ፓምፕ አስቀምጦ «ካታሎጉ 8 ይላል» የሚል ሰው ጋ ብዙ ተከራክሬአለሁ።

አንዳንድ ጊዜ የመስኖ ምህንድስና ተማሪዎች የአሜሪካ መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ፤ እዚያ ውስጥ ፍሰቱ በኪዩቢክ ጫማ በሰከንድ ነው። 1 ኪዩቢክ ጫማ 28.3 ሊትር መሆኑን ካወቁ ሌላው ይከተላል፤ ወደ 102 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት ነው። ይህ የቦይና የወንዝ መለኪያ እንጂ የእኔ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ መለኪያ አይደለም።

ጋሎን ተደብቆ የሚገባበት ሌላ በር ግን አለ፣ እሱም መደርደሪያዬ ላይ ነው፦ የመድኃኒት መርጫ አፍንጫ። 11003 የሚል ቁጥር ያለበት ሰማያዊ አፍንጫ ስትገዙ፣ 110 የርጭቱ ማዕዘን ነው፤ 03 ደግሞ 0.3 የአሜሪካ ጋሎን በደቂቃ፣ በ40 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት። ቢጫው 02፣ ቀዩ 04 ነው። በሊትር የሚጠቀም አገር ሁሉ ይህን ቁጥር ሳያውቀው ተሸክሞታል። ሰማያዊው በ3 ባር 1.2 ሊትር በደቂቃ ይረጫል፤ ስለዚህ የ1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ በ50 ሰከንድ መሙላት አለበት። በ45 ከሞላ ቀዳዳው ተበልቷል፤ መድኃኒት እያባከናችሁ ነውና አፍንጫውን ቀይሩት።